የዘረመል ቁርኝት ምንድን ነው?

«ዶክተር፣ የወር አበባ ሕመምና የአንጎል በሽታ ዘራቸው አንድ ነው ሲባል ሰማሁ። ልጄን የሚጥል በሽታ ሊይዛት ነው?» ጎረቤቴ ናቸው፤ ያገኙኝም ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎካችን ሥር ባለው መድኃኒት ቤት ደጃፍ ነው። እኔ የዘረመል መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ወሬውን ያሰራጨው ተንታኝ «ቁርኝት»ን ዝምድና፣ ዝምድናውንም መንስኤ እንዳደረገው ወዲያው ገባኝ። በዚህ ወር እንኳን ሦስተኛው ነው።

የእኛ ብሎክና የማዶው ብሎክ መብራት ብዙ ጊዜ እኩል ይጠፋል። ማዶኞቹ አጠፉብን የሚል ጎረቤት ግን የለንም፤ የምንስበው ከአንድ ትራንስፎርመር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አሁን በዚያ ትራንስፎርመር ፋንታ ሺህ ትንንሾች አሉ እንበል። አንዳንዱ ሁለቱንም ብሎክ ያበራል፣ አንዳንዱ አንዱን ብቻ፣ አንዳንዱ ደግሞ ለአንዱ ሲጨምር ከሌላው ይቀንሳል። ብሎኮቹ ሁለቱ ሕመሞች፣ ትራንስፎርመሮቹ ደግሞ ከሰው ሰው የሚለያዩ የዘረመል ቦታዎች ናቸው። የዘረመል ቁርኝት የዚህ ሁሉ ሚዛን ነው፤ ከ-1 እስከ 1 ባለ አንድ ቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩ ስለ ብሎኮቹ እንጂ ሦስተኛ ፎቅ ስላለችው ልጅ አምፖል አይናገርም። (እንዲህ ያለ መስመር የሚዘረጋ መሐንዲስ ከሥራ ይባረራል፤ ምሳሌዬን እዚህ ላይ ልተወው።)

«ታዲያ ምንም ግንኙነት የለም?» ይለኝ ይሆናል ተንታኙ። አለ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመና ከ60 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ባካተተ ጥናት፣ ከከባድ የወር አበባ ሕመም መነሻዎች አንዱ የሆነው ኢንዶሜትሪዮሲስ ከማይግሬንና ከጀርባ ሕመም ጋር የዘረመል ቁርኝት ታይቶበታል። የወር አበባ ሕመምን ብቻ በፈተሹ ጥናቶችም ደጋግሞ የወጣው ቦታ 1ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ነርቭን የሚያሳድግ ፕሮቲን በሚያሠራው ኤንጂኤፍ ዘረመል አጠገብ ነው። «አጠገብ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ጉርብትና ጥፋተኛ አያደርግም። መንስኤነት ፈጽሞ የለም አላልኩም፤ አንዱ ሌላውን ቢያስከትልም ያው ቁጥር ሊወጣ ይችላል፣ ለመለየት ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። ማንም ሳይጠይቀኝ ልጨምር፦ የተጠኑት በአብዛኛው የአውሮፓ፣ ከዚያም የምሥራቅ እስያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም የሕመማቸውን ክብደት የተናገሩት በመጠይቅ ነው።

ለጎረቤቴ ትራንስፎርመሩን አላነሳሁባቸውም። ቁርጠቷን አይቶ የሚጥል በሽታ የሚተነብይ የለም አልኳቸው። ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት ከሆነ የማሕፀን ሐኪም ይያት፤ አይቡፕሮፌን ቁርጠቱን የሚያመጣውን ፕሮስታግላንዲን ስለሚቀንስ ሕመሙ ሳይጠና ቢወሰድ ይሻላል፤ ጨጓራ ካለባት ግን አስቀድመው ባለሙያውን ይጠይቁ። ልጅቷ አጠገባችን ቆማ ትሰማለች። ጨጓራ የለባትም፤ ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለባት።