«አብሪጅ»፦ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ያለ የመገደብ ግስ

«አብሪጅ» (abridge) መብትን፣ ነፃነትን ወይም ሥልጣንን መሸራረፍን የሚያመለክት፣ በይበልጥ በሕግ ጽሑፍ የሚገኝ የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ሥሩ በፈረንሳይኛ አልፎ «አጭር» ከሚለው የላቲን ቃል ይመዘዛል። ረጅም መጽሐፍን አሳጥሮ ማሳተምም በዚሁ ግስ ይጠራል።

ግሱን ታላቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ነው፤ ኮንግረሱ (የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት) የንግግርንና የፕሬስን ነፃነት የሚሸራርፍ ሕግ እንዳያወጣ ይከለክላል። የምክር ቤቱ አባል፣ በኋላም ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ማዲሰን በሰኔ 1789 ባቀረበው ረቂቅ የግሱ ተሳቢ ሕዝቡ ነበር፦ ሕዝቡ ከመናገር፣ ከመጻፍና ሐሳቡን ከማሳተም መብቱ እንዳይነፈግ ወይም እንዳይቀነስበት። ይህ አገባብ አርጅቷል። ዛሬ የሚሸራረፈው መብቱ ነው እንጂ ባለመብቱ አይደለም።

ማሻሻያው ስለ ሃይማኖታዊ አምልኮ ሲናገር «መከልከል» ይላል፤ ለንግግር ግን ከዚያ የሚያንሰውን በደል እንኳ የሚይዝ ግስ መርጧል። በ1798 መንግሥትን ማጥላላትን ወንጀል ያደረገው ሕግ ሲወጣ ደጋፊዎቹ ግሱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ማሻሻያው ሃይማኖትን ማቋቋምን «የሚመለከት» ሕግን ሁሉ በሰፊ አነጋገር ሲከለክል፣ ለፕሬስ የተቀመጠው መሸራረፍን ብቻ ስለሚያግድ፣ ፕሬስን መቆጣጠር ይቻላል አሉ። ማዲሰን በ1800 ሪፖርቱ ይህን ክርክር አንድ በአንድ አፈረሰው፤ ሕጉም በ1801 ጊዜው አልፎ ቀረ።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የ1868ቱ አሥራ አራተኛ ማሻሻያ ግሱን በክፍለ ግዛቶች ላይ አዞረው፤ የዜጎችን «ልዩ መብቶችና ከለላዎች» የሚሸራርፍ ሕግ እንዳያወጡ ከለከላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1873 በ5 ለ4 ድምፅ ያንን ሐረግ ባዶ አስቀረው ማለት ይቻላል።

በምርጫ ሕግ ግን ዕድሜው ረዝሟል። የ1870ው አሥራ አምስተኛ ማሻሻያ ድምፅ የመስጠት መብት በዘር ወይም በቀለም ምክንያት «አይነፈግም፣ አይሸራረፍም» ይላል። ሁለቱ ግሶች የተጣመሩት ሙሉ ክልከላ ያልሆነ እንቅፋትም ከሕጉ እንዳያመልጥ ይመስላል። ጥምረቱ በ1920 ለሴቶች፣ በ1964 ድምፅ ለመስጠት የሚከፈለውን የምርጫ ታክስ ለማስቀረት፣ በ1971 ዕድሜያቸው 18 ለሞላ ወጣቶች ተደግሟል።

አንድ መብት ተሸራርፏል ለማለት ከምን ጋር እናነጻጽረው? የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በ2000 በጻፉት ውሳኔ ግሱ በባሕርዩ ንጽጽርን ይጠይቃል ብለዋል። በ2020 ቴክሳስን የሚያካትተው የፌዴራሉ አምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቴክሳስ 65 ዓመት ለሞላቸው ሁሉ የፖስታ ድምፅ መፍቀዷ ዕድሜያቸው ከዚያ የሚያንሰውን መራጮች መብት አልሸራረፈም አለ፤ ድምፅ መስጠት ከቀድሞው አልከበደባቸውምና። ለሌላው ሲሰፋ ለእኔ አለመስፋቱ መሸራረፍ ነው የሚሉ ግን አሉ፤ ሙግታቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 የተሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ሐሳብን በመግለጽ መብት ላይ በሕግ ገደብ መጣል እንደሚቻል በግልጽ ይቀበልና፣ ገደቡ በሐሳቡ ይዘት ምክንያት መሆን እንደሌለበት ያስቀምጣል።