ቤት ባለ ነገር ኪሮሽና ስፌት፣ የሀዋሳው

ሀዋሳ ላይ ኪሮሽ ወይ ስፌት ልጀምር ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሱቅ አይሄድም፣ ቁምሳጥን ነው የሚከፍተው። ክር ውድ ስለሆነ ብቻም አይደለም፣ እዚህ ከተማ ቤት ውስጥ የሚጠራቀመው ነገር ራሱ ብዙ ነው፣ ሹራቡ፣ ጋቢው፣ ጆንያው፣ ቃጫው ምናምን። ስራው ግን ከመስራት ሳይሆን ከመተርተር ነው የሚጀምረው፣ ይሄን ያልገባው ሰው ሶስት ቀን ለፍቶ ይተወዋል።

ስሞቹን በቅድሚያ። ኪሮሽም ዳንቴልም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ኪሮሽ መንጠቆ ማለት ነው፣ እኛ ለመንጠቆውም ለስራውም እንለዋለን። ዳንቴል ደሞ ከጥርስ የመጣ ነው፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ስለሚል። የድሮ ቤት ሶፋው፣ ረከቦቱ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ዳንቴል ለባሽ ነበር፣ ሆዳሙ ቲቪ ቀርቶ ጠፍጣፋው ሲመጣ የቲቪ ልብስ ስራ ፈታ። እነዚህ ታጥፈው የተቀመጡ ነጫጭ ዳንቴሎች አሁን የትራስ ፊት ወይ የመጋረጃ ጠርዝ ሆነው እንደገና ይሰፋሉ፣ እኔ ግን እነሱን መተርተር አልመክርም፣ የሰው አይን የፈሰሰበት ነው።

የሚተረተረው ሹራብ ነው። ሀዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ሞቃት ናት፣ ወፍራም ሹራብ ከክረምት ውጪ ብዙም አይለበስም፣ ስለዚህ ሳያረጅ ይጠባል ወይ ፋሽኑ ያልፋል። ከመተርተራችሁ በፊት ግን ገልብጣችሁ የጎኑን መገጣጠሚያ እዩ። ሁለቱ ጠርዞች በንፁህ ክር ብቻ ተያይዘው ከሆነ ጥሩ፣ ስፌቱን ፈታችሁ ውሉን ካገኛችሁ አንድ እጅጌ ሙሉውን ሳይበጠስ ልቃቂት ይሆናል። በኦቨርሎክ፣ ማለትም ጠርዙን እየቆረጠ በሚሰፋው ማሽን የተሰፋ ከሆነ ግን ተዉት፣ እያንዳንዱ መስመር ጠርዙ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ቆንጆ ሰማያዊ ሹራብ ማታ ቁጭ ብዬ ተረተርኩና ሲነጋ የነበረኝ ልቃቂት ሳይሆን አንድ ፌስታል ሙሉ የክንድ ክንድ ርዝመት ያለው ክር ነው፣ እናቴ አይታ ምንም ሳትል ትራስ ውስጥ ከተተችው። በደንብ የተተረተረ ክር ደሞ እንደ እንጀራ ፍርፍር ተጨማዶ ነው የሚወጣው፣ እንደዛው ከሰራችሁበት ስራው ይንሻፈፋል። ወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥማችሁ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ አስራችሁ ለብ ባለ ውሃ ታጥቡና ከስር ትንሽ ነገር አንጠልጥላችሁበት ታሰጡታላችሁ፣ ሲደርቅ ይስተካከላል።

ቲሸርት ይቀላል። ከብብት በታች ያለውን ብቻ ወስዳችሁ ከስር ጀምራችሁ ዙሪያውን ሳታቋርጡ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ትቆርጡታላችሁ። ዙሪያው 1 ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሳንቲም የሆነ ቲሸርት በ2.5 ሳንቲም ስፋት ሲቆረጥ 16 ሜትር አካባቢ ይወጣዋል፣ ሲሳብ ጠርዙ ይጠቀለልና ወፍራም ክር ይሆናል። ለዚህ ወፍራም የእንጨት ኪሮሽ ነው የሚያስፈልገው። ለቀጭኑ ዳንቴል ግን እኛ ቤት የነበረው ከሳይክል ራጂ (ከጎማው ቀጭን ሽቦ) ጫፉ ታጥፎ ድንጋይ ላይ የተሞረደ ነበር፣ ራጂ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ ልክ ነው፣ ሀዋሳ ደሞ ሜዳ ከተማ ናት፣ የሳይክል ነገር አይቸግርም።

በቂ ትኩረት ያላገኘው ቃጫ ነው። እንሰት ሲፋቅ ቆጮ የሚሆነው ለብቻ ይሄድና ጅማቱ ቃጫ ሆኖ ይቀራል፣ ሲዳማ ውስጥ ገመድም ምንጣፍም ይሰራበታል፣ ድስት መፈግፈጊያም ነው። ደረቅ ሆኖ በኪሮሽ ከተያዘ ይበጠሳል፣ ጣትም ያቆስላል። ትንሽ አርጥባችሁ ጭን ላይ ሁለት ሁለቱን ካከረራችሁት ግን እሺ ይላል፣ የድስት ማስቀመጫ ወይ ትንሽ ቅርጫት ይወጣዋል። ቀለሙ ራሱ ያምራል፣ አትንከሩት።

ፌስታልም ይሰራል። መያዣውንና የታችኛውን ስፌት ቆርጣችሁ ትጥሉና ቀሪውን ቀለበት ቀለበት አድርጋችሁ አንዱን ባንዱ ውስጥ አሳልፋችሁ ትስቡታላችሁ፣ ረጅም ክር ይሆናል። የሀዋሳ ሀይቅ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ጎርፍ ያስገባው ፌስታል እዛው ነው የሚከርመው፣ በ2017 ደሞ አንድ ጊዜ ተጠቅሞ የሚጣለውን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ፀድቋል፣ ቤት የተጠራቀመው ግን አሁንም አለ። የማዳበሪያ ጆንያ ሲቆረጥ ጫፉ ስለሚበተን በሻማ ዳር ዳሩን ተኩሳችሁት ስፉት፣ ጠንካራ የገበያ ዘንቢል ይሆናል። አሮጌ አጎበርን ግን ለሽንኩርት መያዣ የሚሰፉ አይቻለሁ፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ የወባ አጎበር ፀረ ትንኝ መድሃኒት የተነከረ ነው፣ ከምግብ ጋር አይገናኝም።

ወደ ስፌቱ ስንመጣ የመጀመሪያው ጨርቅ ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ መሀሉ ቢሳሳም ዳር ዳሩ ደህና ነው፣ ድርቡን ለሁለት ከፍላችሁ ደህናውን ለህፃን መጠቅለያ፣ የሳሳውን ለትራስ ውስጥ። ጂንስ ለመስፋት መርፌ ቀይሩ፣ 70 እና 80 ቁጥር ለስስ ጨርቅ ነው፣ ለጂንስ 100 ቁጥር ያስፈልጋል፣ ሲንጀሩ ተበላሸ ተብሎ ባለሙያ የሚጠራበት ግማሹ ጉዳይ መርፌ ነው። በረንዳ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎችን በደንብ ከጠየቃችኋቸው ደሞ ቁርጥራጭ አይነፍጓችሁም፣ ለነሱ ጠርገው የሚጥሉት ነው።

ከተማው በልብስ ስፌት እጅ አይታማም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ከተመረቀ በኋላ ብዙ ሴቶች እዛ ገብተው ሰርተዋል፣ በ2014 ሀገሪቱ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ከመላክ እድል፣ ስትወጣ ደሞ ብዙዎቹ ወደ ቤት ተመለሱ። ፋብሪካ ላይ ግን ስራው በመስመር ነው፣ አንዷ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ፣ አንዷ ኪስ። ጎረቤቴ ሁለት አመት ሙሉ እጅጌ ብቻ ነው የገጠመችው፣ እጅጌዋ እንደ ማሽን ነው፣ ሸሚዝ ቅደጂ ስትባል ግን ከአሮጌ አንሶላ ላይ ሶስቴ ተለማምዳ ነው የለመደችው። አንሶላው ባይኖር ደህና ጨርቅ ይበላሽ ነበር።

ዳንቴል ሰርታችሁ ስትጨርሱ ቅርፁን እንዲይዝ ማጠንከር ነው። እናቴ ቡላ በውሃ በጣም አቅጥና አፍልታ ትነክረውና ፎጣ ላይ ዘርግታ ጥርስ ጥርሱን በስፒል ወጥራ ታደርቀዋለች፣ ቡላ ስታርች አይደል። በስኳር ውሃ የሚያደርጉም አሉ፣ እሱንም ሞክረነዋል፣ በሁለተኛው ቀን ረከቦቱ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ነው ያገኘነው።