ሜይንን ያሸነፈ ለምን አራቱንም ድምፅ አይወስድም?

እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ጆ ባይደን የሜይንን ግዛት አሸንፈው 3 የኤሌክቶራል ድምፅ (ለየግዛቱ የተመደበና ፕሬዚዳንቱን የሚወስን ድምፅ) ብቻ አገኙ፤ አንዷን ዶናልድ ትራምፕ ወሰዱ። የቆጠራ ስህተት አይደለም።

በ48 ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ አንደኛ የወጣ ሁሉንም ይጠቀልላል። ሜይንና ነብራስካ ግን ይከፋፍላሉ። ሜይን ካሏት 4 ድምፆች 2ቱ (በሁለቱ ሴናተሮች ልክ የሚሰጡት) በመላ ግዛቱ አንደኛ ለወጣው ይሄዳሉ። የቀሩት 2 ድምፆች አንድ አንድ ሆነው ለሁለቱ የኮንግረስ ወረዳዎች (የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለሚመረጥባቸው አካባቢዎች) ይደርሳሉ፤ ወረዳውን ያሸነፈ ያንን ድምፅ ይወስዳል። ፖርትላንድ ያለችበት 1ኛ ወረዳ ለባይደን፣ ሰፊውና ገጠር የሚበዛበት 2ኛ ወረዳ ለትራምፕ ሄደ። ስለዚህ 2 ሲደመር 1፣ ባይደን 3።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካርታው ላይ ነው፦ ግዛቱ በሙሉ በባይደን ፓርቲ ቀለም ሰማያዊ ተቀብቶ ሲያይ 4 ይደምራል። 2 ለ 2 የሚጠብቅም አለ፤ ይህ የሚሆነው ግዛቱን ያሸነፈው እጩ ሁለቱንም ወረዳ በአንድ ተፎካካሪ ሲሸነፍ ነው፤ ግን በተራ ቆጠራ እንዲህ የተሸነፈ ሰው በድምሩ ሊያሸንፍ አይችልም።

ሌላም አለ። ሜይን ላይ መራጩ እጩዎችን በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ የመጨረሻው እጩ ወጥቶ ድምፁ ለመራጩ ቀጣይ ምርጫ ይተላለፋል። በ2020 ግን አሸናፊዎቹ ከግማሽ በላይ ስላገኙ ይህ አላስፈለገም።