«ተያያዥነት አለው» ማለት «ያመጣው እሱ ነው» ማለት ነው?

ኮቪድ የዓይን ደም ሥር ይዘጋል ወይ? ሐኪሞች «ተያያዥነት አለው» ይላሉ። ብዙ ሰው «ያመጣው እሱ ነው» ብሎ ይረዳዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሬቲና ከዓይን ጀርባ ያለ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። እዚያ ላይ ደም ወሳጁና ደም መልሱ በሚሻገሩበት ቦታ አንድ ልባስ ይጋራሉ። የደም ግፊት ወይም ዕድሜ ያደነደነው ደም ወሳጅ ጎረቤቱን ይጫነዋል። ደሙ ይዘገያል፣ ይረጋል፣ ወደ ሬቲናው ይፈሳል። ኮቪድ ደግሞ የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ ያስቆጣል፤ ደምም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል። ጥርጣሬው መሠረት አለው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት ከ400,000 በላይ የኮቪድ ታማሚዎችን መዝገብ አይቶ፣ ከሕመሙ በኋላ የደም መልስ መዘጋት ጨምሮ አግኝቷል። ቁጥሩ ግን ከሚሊዮን ሰው ጥቂቱ ነው። ደግሞም «ከዚያ በኋላ» ማለት «በዚያ ምክንያት» አይደለም። ያው ሰው ግፊትና ስኳር ሊኖርበት ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ሁሉን በቫይረሱ አሳብቦ ግፊቱን ሳይለካ የሚቀር ሰው ነው።

ጠዋት ስትነሱ ያለ ምንም ሕመም እይታችሁ ከደበዘዘ፣ አንዱን ዓይን በእጃችሁ ሸፍናችሁ በሌላው እዩ። ልዩነት ካለ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ።