«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች»

ማታ ዜና እየታየ ነው። የአንድ ትልቅ አገር ቃል አቀባይ መድረክ ላይ ይወጣል። በአንዲት ትንሽ አገር የተካሄደው ምርጫ መንግሥታቸውን «በእጅጉ እንደሚያሳስበው» ይናገራል። ቀጣዩ ዜና ደግሞ ከዚያው ከትልቁ አገር ዋና ከተማ ነው፤ ሰልፍ፣ ፖሊስ፣ አስለቃሽ ጭስ። ይሄኔ ሶፋው ላይ ካሉት አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉም ዝምተኛው፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብሎ ይገላገላል። የፖለቲካ ተንታኝ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበትን ነገር በአራት ቃል ጨረሰው።

አባባሉ የማድ ቤት ልጅ ነው። ቁሌት አቁላልቶ የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ ድስት ይገባል፤ መጀመሪያ ላይ ዘይት እንኳ የለውም። ውሃው እስኪመጥ ድረስ ማማሰል ነው። ከዚያ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው። ጣጣው የሚመጣው በርበሬው ከገባ በኋላ ነው። ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ ማማሰያውን ከድስቱ ሥር ሳያላቅቁ መቆም ያስፈልጋል። ትንሽ ዞር ካሉ ይይዛል። ከያዘ ደግሞ ቅቤም ኮረሪማም አያድነውም። የማረር ሽታው እስከ መጨረሻው ጉርሻ ድረስ አብሮ ይሄዳል።

አሁን የጋራ ማድ ቤት አስቡ። አምስት ስድስት ቤተሰብ የሚጠቀምበት፣ ምድጃ ከምድጃ ጎን ለጎን የሆነበት። የራሷን ጥዳ የጎረቤቷን ድስት የምትከፍት ሴት አትጠፋም። «ኧረ በርበሬው በዛ! ኧረ ውሃ ጨምሪበት!» እያለች ማማሰያውን ከጎረቤቷ እጅ ትቀማለች። ከኋላዋ ሽታው ይመጣል። ማድ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሸተዋል፤ እሷ ግን ወሬ ላይ ናት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አባባሉ ጎረቤት መርዳትን አይነቅፍም። ጎረቤቷ ታማባት ወይም ሐዘን ደርሶባት የራሷን ድስት ጥላ የሮጠች ሴት ወጧ ቢያርር ማንም በዚህ አባባል አያሾፍባትም። እንዲያውም ትመሰገናለች። አባባሉ የተሳለው ባለሙያ ለመባል ለምታማስለዋ ነው። ደግሞም የጎረቤቷ ወጥ እንከን የለውም አይልም። በርበሬው በእርግጥም በዝቶ ሊሆን ይችላል።

«የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» የሚለው አባባል ቅርብ ዘመዱ ነው፤ ግን አንድ አይደሉም። ቀጋ እሾሃም ተክል ነው። አባባሉ ለሰው የሚመች፣ ቤቱ ሲገባ ግን የሚወጋ ሰው ይነገርበታል። ያ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ባለድስቷ ግን ረስታ ነው። አንዳንዱ «የራሷ አሮባት» ይላል። እኔ «እያረረባት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ እሳቱን ለመቀነስ ገና ጊዜ አላትና።

ለዚህ አባባል የሚሆን ታሪክ አምጣ ብባል ሩቅ አልሄድም። ግንቦት 1955 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በአፍሪካ አዳራሽ መሪዎች ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሊመሠርቱ ነው። ቻርተሩ የተፈረመው ሜይ 25 ቀን 1963 ነበር። ጊዜው ቀዝቃዛው ጦርነት የጋለበት ነው። አዲስ ነጻ የወጡት አገሮች ወደ ሞስኮ እንዳያዘነብሉ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ መንግሥት ስለ ነጻነትና ዴሞክራሲ መስበኩን አላቋረጠም።

ድስቱ ግን በርሚንግሃም ላይ ነበር፤ አላባማ ውስጥ። በዚያው ወር መጀመሪያ፣ የጥቁርና የነጭ መለያየት ይብቃ ብለው አደባባይ በወጡ ሰልፈኞች ላይ፣ የከተማዋ የጸጥታ ኃላፊ ዩጂን «ቡል» ኮነር የእሳት አደጋ ውሃና የፖሊስ ውሻ አስለቀቀ። ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ውሃው ሰው ከመሬት የሚያነሳ ነው። ውሻ የአንድ ወጣት ሆድ ላይ ሲዘል የሚያሳየው ፎቶ በማግስቱ በጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ ወጣ። ወሬውም ከመሪዎቹ ጋር አብሮ አዲስ አበባ ገባ።

የኡጋንዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚልተን ኦቦቴ ለኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ቀኑ ሜይ 23 ነው። ውሃ የሚረጭባቸውና ውሻ የሚለቀቅባቸው ሰዎች የገዛ ወገኖቻችን ናቸው አሉ። ቀጥለውም፣ አሜሪካ በዓለም ፊት የዴሞክራሲ ምሳሌና የነጻነት ጠበቃ ሆና ለመታየት በምትጓጓበት ሰዓት ይህ በገዛ አገሯ መሆኑ ግራ እንደሚያጋባ ጻፉ። ኦቦቴ አማርኛ አያውቁም እንጂ ይሄ በዲፕሎማት ቋንቋ የተጻፈ «የራሷ እያረረባት» ነው። ጉባኤውም ስለ አፓርታይድ ባሳለፈው ውሳኔ ውስጥ የአሜሪካ ጥቁሮችን ጉዳይ አስገባ፤ ስጋቱንም ገለጸ። ወዲያው ደግሞ የፌዴራሉን መንግሥት ጥረት አመሰገነ። ዲፕሎማሲ ነዋ!

ኬኔዲ ምን አደረጉ? ይህን ታሪክ የምወድላቸው እዚህ ላይ ነው። ጁን 11 ማታ በቴሌቪዥን ቀርበው አባባሉን በራሳቸው ላይ ተናገሩት ማለት ይቻላል። ነጻነትን በዓለም ዙሪያ እንሰብካለን፣ ከልባችንም ነው አሉ። ታዲያ ለዓለምም፣ ከዓለም ይልቅ ደግሞ ለእርስ በርሳችን፣ ይህች የነጻ ሰዎች አገር ናት፣ ጥቁሮች ሲቀሩ፣ ልንል ነው ወይ ብለው ጠየቁ። በዚያው ሌሊት የመብት ታጋዩ ሜድጋር ኤቨርስ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ጃክሰን ከተማ፣ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተመታ። ጁን 19 ላይ ኬኔዲ የሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕጋቸውን ለኮንግረስ ላኩ። ጁን 26 ደግሞ በርሊን ላይ ቆመው፣ ዴሞክራሲ እንከን የለሽ ባይሆንም ሕዝባችን እንዳይወጣ ብለን ግንብ ገንብተን አናውቅም አሉ። የበርሊኑን ንግግር የማያውቅ የለም። የጁን 11ዱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ያኛው ባይቀድም ኖሮ የበርሊኑ ባዶ ጉራ በሆነ ነበር። ሕጉ የጸደቀው በ1964 ነው፤ እሳቸው ከተገደሉ በኋላ።

አሁን ወደ አባባሉ ተጠቃሚዎች እንምጣ። እነሱም ጉድ አለባቸው።

ሞስኮ ስለ መብት በተጠየቀች ቁጥር «እናንተስ ጥቁሮችን ትሰቅሉ የለ?» የምትለው መልስ ነበራት። መልሱ ከመደጋገሙ የተነሳ እዚያው ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ቀልድ ሆኗል። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ ይሰቅሉ ነበር። ግን ይህን የምትለው በ1956 ታንክ ቡዳፔስት ያስገባችዋ አገር ናት።

ኦቦቴም ከዚህ አላመለጡም። በፌብሩዋሪ 1966 አምስት ሚኒስትሮቻቸውን ከካቢኔ ስብሰባ ላይ አሳሰሩ። ሕገ መንግሥቱን አገዱ፣ ፕሬዚዳንት ነኝ አሉ። ሜይ 24 ደግሞ ወታደሮቻቸው እዚያው ኡጋንዳ ውስጥ ያለችውን የቡጋንዳን ንጉሥ ቤተ መንግሥት አጠቁ፤ ንጉሡ አምልጠው እንግሊዝ ገቡ። ለኬኔዲ ያንን ደብዳቤ ከጻፉ 3 ዓመት ከአንድ ቀን መሆኑ ነው። የአስተናጋጇን አገር ነገር ደግሞ እናውቀዋለን። እነዚያ ሁሉ መሪዎች ስለ ነጻነት ሲናገሩ በኢትዮጵያ ፓርላማ ነበር፣ ምርጫም ነበር፣ የፖለቲካ ፓርቲ ግን አንድም አልነበረም።

የቅርቡን ካነሳን፣ ፕሬዚዳንት ባይደን በዲሴምበር 2021 ከ100 በላይ መንግሥታት የተጋበዙበት የዴሞክራሲ ጉባኤ ጠርተው ነበር። ኮንግረስ የሚሰበሰብበት ካፒቶል ከተወረረ ገና ዓመት አልሞላም። የአገሮችን ዴሞክራሲ የሚመዝነው ኢንተርናሽናል አይዲያ የተባለው ተቋምም ከጉባኤው በፊት በነበረው ወር አሜሪካን ዴሞክራሲያቸው ወደ ኋላ ከሚንሸራተት አገሮች መዝገብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገብቷት ነበር። ለማማሰል የማይመች ሰዓት ነው። ጉባኤው ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን የቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለ አሜሪካ ዴሞክራሲ ጉድለት ሪፖርት አወጣ። አንድ ፓርቲ ብቻ የሚገዛት ቻይና! ማድ ቤቱ ውስጥ ሁሉም የሌላውን ማማሰያ ይዞ ቆሟል።

ስለዚህ እኔ ይህን አባባል ስሰማ መጀመሪያ የማየው ተናጋሪውን ነው። መንግሥት ለመንግሥት ሲወራወረው ብዙ ጊዜ የራስን ድስት መክደኛ ነው። ከዚያው ቤት ሰው፣ ያረረውን ወጥ ከሚበላው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነው።

ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን በኤፕሪል 1917 አሜሪካን ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያስገቡ፣ ዓለም ለዴሞክራሲ የምትመች መሆን አለባት ብለው ነበር። ያኔ ሴቶች በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር። ከዚያው ዓመት ጃንዋሪ ጀምሮም የዋይት ሀውስ በር ላይ መፈክር ይዘው ይቆሙ ነበር። ጁን 20 የሩሲያ ልዑካን ወደ ዊልሰን ሲመጡ ሴቶቹ ትልቅ ጨርቅ ዘርግተው ጠበቋቸው። አሜሪካ ዴሞክራሲ አይደለችም፣ 20 ሚሊዮን ሴቶች ድምፅ ተከልክለዋል ይላል። አላፊ አግዳሚው ተቆጥቶ ጨርቁን ቀደደው። ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ሴቶቹን ማሰር ጀመረ። እስር ቤት የረሃብ አድማ የመቱት ምግብ በቱቦ እየተጋቱ ነበር። በጁላይ ደግሞ ጥቁሮች በኒው ዮርክ አምስተኛ ጎዳና ዝም ብለው ተሰለፉ። «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ አሜሪካንስ ለምን ለዴሞክራሲ የምትመች አያደርጓትም?» የሚል ጽሑፍ ይዘው ነበር።

ዊልሰን በሴፕቴምበር 1918 ራሳቸው ሴኔት ሄደው ለሴቶች ድምፅ ይሰጥ ብለው ጠየቁ። የዓለም ሕዝብ እኛን እያየ ነው አሉ። ሴኔቱ በማግስቱ ውድቅ አደረገው፤ የጎደለው ሁለት ድምፅ ብቻ ነበር። ለሴቶች ድምፅ የሰጠው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው በኦገስት 1920 ነው። በደቡብ ያሉ ብዙ ጥቁር ሴቶች ግን በተግባር ድምፅ ለመስጠት እስከ 1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ድረስ ጠብቀዋል።