ዳግም ጎጆ ምንድን ነው? የዱር ወፎች ጎጆ ሲጠፋባቸው የሚያደርጉት

ዳግም ጎጆ የሚባለው አንዲት ወፍ በመራቢያ ወቅቷ የሠራችው ጎጆ፣ እንቁላሎቹ ሳይፈለፈሉ ወይም ጫጩቶቹ ለመብረር ሳይበቁ ሲጠፋባት፣ በዚያው ወቅት ምትክ ሠርታ እንደገና እንቁላል የምትጥልበት ሂደት ነው። የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች በሰላም አሳድገው ካስበረሩ በኋላ ሁለተኛ ዙር የሚፈለፍሉ ወፎች አሉ፤ ያ ግን ዳግም ጎጆ አይባልም፤ በተገኘው ላይ የሚጨመር እንጂ የጠፋውን የሚተካ አይደለምና። ሁለቱን ለመለየት ወፏ እግሯ ላይ ባለ ቀለም ቀለበት ታስሮላት ከወቅቱ መጀመሪያ አንስቶ የተከታተላት ሰው መኖር አለበት፤ አለበለዚያ በወቅቱ አጋማሽ የተገኘ አዲስ ጎጆ ከስኬት ይከተል ወይም ከጥፋት ከመልኩ አይታወቅም።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ አንድ የተለመደ ግምት መነሣት ይኖርበታል። ጎጆ ለአብዛኞቹ ወፎች መኖሪያ ቤት አይደለም። አዋቂዎቹ ወፎች ዓመቱን ሙሉ የሚያድሩት በአብዛኛው በቅርንጫፍ ላይ፣ በቁጥቋጦ ውስጥ ወይም በቋጥኝ ጥላ ሥር ሲሆን፣ ጎጆው የሚያገለግለው ከመጀመሪያው እንቁላል አንስቶ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ላለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህም በብዙ ትናንሽ ወፎች ዘንድ አንድ ወር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጎጆው ሲፈርስ ወፏ ያጣችው ማደሪያዋን ሳይሆን፣ በእንቁላሎቹና በጫጩቶቹ ላይ ያፈሰሰችውን ምግብ፣ ጉልበትና ጊዜ ነው። ከሦስቱ ፈጽሞ የማይተካው ጊዜ ነው።

የጎጆ መጥፋት ደግሞ በወፎች ሕይወት እንግዳ ነገር አይደለም። ነፋስና ጎርፍ፣ የምግብ እጥረት፣ የሰው ማጭድና መጋዝ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ይሁን እንጂ ክፍት ጎጆ ለሚሠሩት ትናንሽ ወፎች ዋነኛው የጥፋት ምክንያት እንቁላልና ጫጩት የሚበሉ እንስሳት ናቸው፤ እባብ፣ ቁራ፣ አይጥ፣ ድመትና ሌሎችም። ከዚህ ሁሉ ስንቱ ጎጆ ለፍሬ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ማግኘት ለረጅም ጊዜ አስቸግሮ ነበር። ችግሩ የቆጠራ ነው፤ ገና በተሠሩ በሁለተኛና በሦስተኛ ቀናቸው የፈረሱ ጎጆዎች ማንም ሳያያቸው ስለሚጠፉ፣ በተመልካች እጅ ገብተው የሚቆጠሩት በብዛት ዕድሜ ያገኙት ናቸው፤ በዚህም የተነሣ ውጤቱ ሁልጊዜ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታይ ነበር። በሙያው የወፍ ተመራማሪ ያልነበረው አሜሪካዊው ሃሮልድ ሜይፊልድ በ1961 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቀረበው መፍትሔ፣ ጎጆዎቹን ሳይሆን ጎጆዎቹ በተመልካች ዓይን ሥር ያሳለፏቸውን ቀናት መቁጠርና ከዚያም የአንድን ቀን የመትረፍ ዕድል ማስላት ነበር።

ይህ ስሌት ምን እንደሚያሳይ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ጎጆ ከዛሬ ወደ ነገ የመድረስ ዕድሉ 96 በመቶ ነው እንበል፤ ሲሰሙት አስተማማኝ ይመስላል። ነገር ግን እንቁላል ከመታቀፍ እስከ መብረር 25 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ ጎጆው ያንን የ96 በመቶ ዕጣ 25 ጊዜ ማለፍ ስላለበት መጨረሻው ላይ የሚደርሰው ከመቶ 36 ያህሉ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የቆመ ሰው ዝርያው ሊጠፋ ነው ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ወፏ በወቅቱ ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ መሞከር የምትችል ከሆነ ግን፣ ቢያንስ በአንዱ የመሳካት ዕድሏ ወደ 74 በመቶ ይጠጋል። በእኔ እምነት ስለ ወፎች መብዛትና መመናመን በሚቀርቡ ጽሑፎች ውስጥ በብዛት የሚዘለለው ይኸው ነው፤ የፈረሱ ጎጆዎች ቁጥር ብቻውን ስለ ወፎቹ ዕጣ ብዙም አይናገርም፤ መለኪያው የአንዲት እናት ወፍ ሙሉ ወቅት መሆን አለበት።

ጎጆው በጠፋባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት የወፎቹ ሁኔታ ይለያያል። አዳኙ ገና እዚያው ካለ፣ ወላጆቹ እየጮኹና እየተወረወሩ ሊያባርሩት ይሞክራሉ፤ ጩኸቱን የሰሙ የጎረቤት ወፎችም አንዳንዴ ይተባበሯቸዋል። ከሄደ በኋላ ግን፣ ትል በመንቁሩ የያዘ ወላጅ ተመልሶ በባዶው ጎጆ ጠርዝ ላይ ማረፉ፣ አጎንብሶ ወደ ውስጥ ማየቱ፣ ጫጩቶቹን አፍ የሚያስከፍትበትን ድምፅ ማሰማቱና መልስ ሲያጣ ሄዶ ደግሞ መመለሱ የተለመደ ነው። ይህን ሐዘን ብሎ ለመሰየም የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ በወፏ ውስጥ ምን እንደሚሰማት ግን በመመልከት ብቻ አይደረስበትም፤ ሊለካ የሚችለው በደሟ ውስጥ የሚሆነው ነው። የጠፋው ከፊሉ ብቻ ሲሆንም ውሳኔ ይኖራል፤ የዱር ዳክዬዎች ጥቂት እንቁላል ቢጎድልባቸው በቀረው ላይ መታቀፋቸውን ይቀጥላሉ፤ ብዙው ከጠፋ ግን የተረፈውን ትተው አዲስ የመጀመራቸው ዕድል ይጨምራል።

በአካሏ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። እንቁላል በምትታቀፍ ወፍ ደም ውስጥ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከፍ ብሎ ይቆያል፤ የመታቀፍና ጫጩት የመንከባከብ ጠባይ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ አዲስ እንቁላል እንዳይዘጋጅም አስተዋጽኦ ያደርጋል። እንቁላሎቹ ሲጠፉ በሆዷ ሥር የሚነካት ነገር ይቀራል፤ ፕሮላክቲኑ ይወርዳል፤ ኦቫሪን፣ ማለትም እንቁላል የሚያዘጋጀውን የሰውነቷን ክፍል፣ የሚቀሰቅሱት ሆርሞኖች በተራቸው ከፍ ይላሉ። ከዚያ በኋላ አስኳል መሙላት ይጀምራል። በትናንሽ ወፎች አንዱ አስኳል ለመሙላት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል፤ ነጩ ለብሶና ቅርፊት አበጅቶ እስኪወጣ ደግሞ አንድ ቀን ያህል ይጨመራል። በ1930ዎቹ ኦሃዮ ውስጥ ዘማሪ ድንቢጦችን አንድ በአንድ የተከታተለችው ማርጋሬት ሞርስ ናይስ፣ ጎጆው ከጠፋ በኋላ አዲሱ የመጀመሪያ እንቁላል በአብዛኛው በአምስት ቀን ውስጥ እንደሚጣል መመዝገቧ ከዚህ አንጻር ሲታይ አስገራሚ ነው፤ ወፏ አንድም ቀን ሳታባክን አካሏ በሚፈቅደው ፍጥነት ጀምራለች ማለት ነውና። በእነዚሁ ቀናት ውስጥ ቦታ መርጣ ጎጆውንም ጨርሳለች።

ጥፋቱ የደረሰበት ጊዜም ለውጥ ያመጣል። እንቁላል በመጣል ላይ እያለች ጎጆዋ የፈረሰባት ወፍ፣ በመንገድ ላይ ያለውን እንቁላል ማቆየት ስለማትችል የትም መጣሏ አይቀርም፤ በሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ሰርቃ የምታስቀምጥም አለች። መታቀፍ ከጀመረች በኋላ ከሆነ ግን አስኳል የሚያዘጋጀው ክፍል ተኮማትሮ ስለሚቆይ ከመነሻው መጀመር ይኖርበታል፤ በዳክዬዎች ላይ እንደታየው፣ መታቀፉ በገፋ ቁጥር እስከሚቀጥለው እንቁላል ያለው ቆይታ ይረዝማል።

ምን ያህል እንቁላል መጨመር ይቻላል ለሚለው እጅግ የተጋነነው ምሳሌ የመጣው ከአንድ ግንደ ቆርቁር ነው። በ1883 አሜሪካ ውስጥ ፍሊከር ከተባለው ዝርያ የአንዲት ወፍ እንቁላሎች፣ አንድ ብቻ እየተተወላት በየቀኑ ሲነሡባት፣ በ73 ቀን ውስጥ 71 እንቁላል ጥላለች። ይህ የሁሉም ወፍ ጠባይ አይደለም፤ ከጎጆው ቢነሣባቸውም ባይነሣባቸውም የተወሰነላቸውን ቁጥር ጥለው የሚያቆሙ ዝርያዎች አሉ። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ትናንሽ ወፎች ለቅርፊት የሚሆነውን ካልሲየም በአጥንታቸው ውስጥ በበቂ መጠን ስለማያከማቹ፣ እንቁላል በሚጥሉባቸው ቀናት የቀንድ አውጣ ዛጎልና መሰል ነገር ፈልገው መብላት ግድ ይሆንባቸዋል። በዚህና በሌሎች ምክንያቶች፣ በዳግም ጎጆ ውስጥ የሚጣሉት እንቁላሎች ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ያንሳሉ።

ቦታውስ? ብዙዎቹ ያንኑ ጎጆ መልሰው አይጠቀሙበትም፤ አዳኙ አንዴ ያወቀውን ቦታ ተመልሶ ሊጎበኘው ይችላልና። ከይዞታቸው ሳይወጡ የተወሰነ ርቀት ፈቀቅ ይላሉ፤ አንዳንዶችም የፈረሰውን ጎጆ እየበተኑ የሸረሪት ድሩንና ክሩን ወደ አዲሱ ያጓጉዛሉ። ጥፋቱ የሚፈታው ጥንድም አለ። ጆን ኩልሰን በሰሜን እንግሊዝ ለበርካታ ዓመታት ባጠናቸው ኪቲዌክ የተባሉ የባሕር ወፎች ዘንድ፣ እንቁላላቸው ያልተፈለፈለላቸው ጥንዶች በሚቀጥለው ዓመት የመለያየታቸው ነገር ከተሳካላቸው በእጅጉ ይበልጣል።

ወቅቱ ሲያልቅ ግን ዳግም ጎጆ ከምርጫ ውጭ ይሆናል። ዘግይተው የሚፈለፈሉ ጫጩቶች የምግቡ ጊዜ ሳያልፍ ለመጠንከር አይበቁም፤ የቀኑ ርዝመት የሚቆጣጠረው የመራቢያ አካልም በራሱ ይኮማተራል። ክረምታቸው ረጅም በሆነው የዋልታ አካባቢዎች የሚፈለፍሉ ዝይዎች፣ ልጅ ለማሳደግ ብዙ ወራት የሚወስድባቸው አልባትሮሶችና ትልልቅ ንስሮች ጎጆ ከጠፋባቸው ብዙውን ጊዜ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። በዚህ ረገድ በአውሮፓ የምትገኘው ረጅም ጅራት ያላት ትንሽዬ ወፍ ሌላ መንገድ አላት። የመጀመሪያ ጎጆዋን በዛፍ ሽበት፣ በሸረሪት ድርና ከ1,000 በላይ በሆኑ ላባዎች ለመሥራት ሦስት ሳምንት ያህል ሊፈጅባት ይችላል። ጎጆው በወቅቱ መጀመሪያ ከጠፋ ሌላ በፍጥነት ትሠራለች፤ ወቅቱ ከገፋ በኋላ ከጠፋ ግን እርሷም ሆነች ባሏ ሥራውን ትተው ወደ ዘመድ ጎጆ ይሄዳሉ፤ በተለይ ወንዶቹ የወንድማቸውን ጫጩቶች ሲመግቡ ይከርማሉ። ዘመዳቸውን የሚለዩት ጫጩት ሳሉ በተማሩት ድምፅ ነው። በኬንያ የሚገኙት ነጭ ግንባር ያላቸው ንብ በል ወፎችም ጎጆ ሲጠፋባቸው እንዲሁ ያደርጋሉ።

ሆርሞኑ ቶሎ የማይወርድባቸው ወፎች ደግሞ አሉ። የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን ወላጆች በባሕር ብዙ ቀን ቆይተው ስለሚመለሱ፣ ጫጩቱን በማያዩበት ጊዜም ፕሮላክቲናቸው ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ ጫጩታቸው የሞተባቸው አንዳንዶቹ የሌላውን ጫጩት ቀምተው ለጥቂት ጊዜ ያቅፋሉ። በ2006 በታተመ ጥናት፣ ፕሮላክቲኑን በመድኃኒት ዝቅ ያደረጉላቸው ወፎች መቀማታቸውን ቀንሰዋል።

ዳግም ጎጆ የመሥራት ጠባይ ለሌላ ወፍ መጠቀሚያ መሆኑም አልቀረም። በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው ካውበርድ እንቁላሏን በሌሎች ወፎች ጎጆ እየጣለች ጫጩቶቿን በእነርሱ ታሳድጋለች። በ2007 የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች የካውበርድን እንቁላል ፕሮቶኖተሪ ዋርብለር ከተባሉ ወፎች ጎጆ ሲያወጡ፣ ካውበርዶቹ ሊደርሱባቸው ከሚችሉት ጎጆዎች 56 በመቶው ተዘርፈው ተገኙ፤ እንቁላሉ ከተተወባቸው ግን የተዘረፉት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንቁላል ያልጣሉበትን፣ ዕድሜው የገፋውን ጎጆም ያፈርሳሉ፤ ባለቤቲቱ ሌላ ስትሠራ በጊዜው ለመድረስ።

ሰውም ይህንኑ ጠባይ ለማዳን ተጠቅሞበታል። የካሊፎርኒያ ኮንዶር በአንድ ወቅት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ እንቁላሉ በጊዜ ከተነሣበት ግን ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ሌላ ይጥላል። በ1982 በዓለም ላይ 22 ብቻ የቀሩት እነዚህ ወፎች፣ እንቁላላቸው እየተወሰደ በማሽን እንዲፈለፈል በመደረጉ ዛሬ ቁጥራቸው ከ500 በልጧል። በኒው ዚላንድ የቻተም ደሴቶች የምትኖረው ጥቁር ሮቢን ደግሞ በ1980 አምስት ብቻ ቀርታ ነበር፤ ከእነርሱም እንቁላል ጥላ ፍሬ ያገኘችው ሴት ኦልድ ብሉ የተባለችው ብቻ ነበረች። ዶን ሜርተንና ባልደረቦቹ እንቁላሎቿን እያነሡ ቶምቲት ለተባሉ ወፎች ሲሰጡ እርሷ ምትክ ትጥል ነበር፤ ዛሬ ያሉት ሁሉ የእርሷ ዘሮች ናቸው። በዚሁ ሥራ ላይ ሠራተኞቹ ጥቂት ሴቶች እንቁላላቸውን በጎጆው ጠርዝ ላይ እንደሚጥሉ አይተው፣ እንዳይጠፋ ወደ መሀል ይገፉላቸው ነበር። ጠርዝ ላይ የተጣለ እንቁላል ካልታገዘ አይፈለፈልም። በ1989 ግን ከሴቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጠርዝ ላይ የሚጥሉ ሆነው ተገኙ፤ ጠባዩ የሚወረስ ኖሮ ከታገዙት ወደ ልጆቻቸው ተላልፏል። እገዛው ከቆመ በኋላ እንደነዚህ ያሉት ሴቶች ቁጥር እየቀነሰ ሄዷል።