ፒናፎር ነጭ የሆነው ስለሚቀቀል ነው

የቲያትር ልብስ እሰፋለሁ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1837–1901) የነበሩ የእንግሊዝ ልጆች ያሉበት ሥራ በመጣ ቁጥር ስለ ፒናፎር ያው ወሬ ይነሳል። ፒናፎር ልጆች ከቀሚሳቸው በላይ የሚደርቡት፣ ደረትን ጭምር የሚሸፍን ሽርጥ ነው። በቃ።

«ነጭ የሆነው የልጅነትን ንጽሕና ለማሳየት ነው።» ኧረ የአጠባ ጉዳይ ነው! ከሥር ያለው ቀሚስ ብዙ ጊዜ ሱፍ ነው። ሱፍ ከተቀቀለ ይኮማተራል፤ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። ነጭ ጥጥ ግን በሳሙናና በልብስ ማጠቢያ ሶዳ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ተመልሶ ይነጣል። ሾርባውንም ጭቃውንም የሚቀበለው እሱ ነው። አንድ አዘጋጅ የሰፋሁትን መልሶ «በሳቲን ይሁንልኝ» አለኝ። እስቲ ሳቲን ቀቅሉ!

«የሀብታም ልጅ ጌጥ ነው።» የድሃ ልጅም ለብሳዋለች፤ ያረጀ ቀሚሷን ይሸፍንላታል።

«ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው እጅጌ የሌለው ቀሚስ ያው እሱ ነው።» አይደለም። የድሮው ጀርባው ክፍት ስለሆነ ብቻውን አይለበስም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ቀሚስ የለበሰ ወንድ ልጅ ፎቶ ሲታይ «እናቱ ሴት ፈልጋ ነበር» የሚሉት ነገር ነው። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1884 የተነሳውን ፎቶ እዩት። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማው ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሷል፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ባርኔጣው ላባ አለው። ማንም አልገረመውም። በእንግሊዝም በአሜሪካም ትንንሽ ወንዶች ቀሚስና ፒናፎር ይለብሱ ነበር። ሱሪ መልበስ የሚጀምሩት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ነበር። ሽንቱን መቆጣጠር ያልለመደ ልጅ የሱሪው ቁልፍ እስኪፈታለት አይጠብቅማ! ቀሚስ ግን ገለብ ማድረግ ነው። ልጅ ደግሞ ያድጋል። ስለዚህ ከቀሚሱ ታች እጥፋት ይሰፋበታል፤ ልጁ ሲረዝም ይተረተራል። ጌጥ የሚመስላችሁ አግድም መስመር ብዙውን ጊዜ የተቆጠበ ጨርቅ ነው።

ሮዝ የሴት ነው ለምትሉ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 አንድ የአሜሪካ የልጆች ልብስ ነጋዴዎች መጽሔት ሮዝን ለወንድ ነበር የመከረው።

የዚያን ዘመን ልጅ ልታለብሱ ከሆነ ጥጥ ግዙ። ሳትቆርጡት እጠቡት፣ ይኮማተራል። ከታች ሁለት ሦስት እጥፋት ስፉበት። ከኋላ ቁልፍ ወይም ማሰሪያ እንጂ ዚፕ እንዳታደርጉ። ትንንሾቹን ወንዶችም አልብሷቸው።